የጥንት ነው ወይስ አስመስለው የሰሩት?

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ብራሰልስ ነው የምኖረው፣ ከአሮጌ እቃ ገበያ ዘውድ የደፋ ንጉስ የእንጨት ቅርፅ ገዛሁ፣ ሻጩ በፈረንጆች የ1500ዎቹ ነው ብሎኛል ግን ጀርባው ተቦርቡሮ ባዶ ነው፣ ተሸውጄ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ የጀርባው ነገር እንኳን አያስጨንቅሽ፣ ያኔ እንጨቱ ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ብለው ከኋላ ይቦረቡሩት ነበር፣ ደሞ መሠዊያ ላይ ፊቱን ብቻ እያሳየ ስለሚቆም ጀርባውን ማንም አያየውም። ንጉሱም ምናልባት ከሰብአ ሰገል አንዱ ይሆናል፣ እነሱን በጣም ይቀርፁ ነበር። እንጨቱን እዪው፣ እናንተ አካባቢ ኦክ የሚባለው ጠንካራ እንጨት ነበር የሚበዛው፣ ደቡብ ጀርመን ግን ሊንደን የሚባለው ለስላሳ እንጨት። አንትወርፕ ከተማ የተሰራ ከሆነ በጋለ ብረት የተተኮሰ ትንሽዬ የእጅ ቅርፅ ምልክት ሊኖረው ይችላል፣ የብራሰልሱ ምልክት ደሞ መዶሻ ነው። ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አስመስለው በብዛት ሰርተዋል፣ እኔ የሻጭ ወሬ ብቻ አላምንም። የድሮ ቀለም ቅሪት ካለው በናትሽ በውሃ እንዳታጥቢው!