6.4 የምን 6.4 ነው?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 46 ነው፤ እናቴ ስኳር አለባት። ስዊድን ያለችው እህቴ መለኪያ ልካልኝ ጠዋት ቁርስ ሳልበላ ስለካ 6.4 አለኝ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ 116 ተባልኩ። የቱን ልመን? እንጀራስ ላቁም?
ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ሁለቱም ያሉዎት አንድ ነገር ነው። የስዊድኑ መሣሪያ የሚቆጥረው በሚሊሞል ነው፤ እኛ ጋ በሚሊግራም። 6.4ን በ18 ያባዙት፣ 115 ግድም ይመጣል። የሦስት ወሩን አማካይ የደም ስኳር የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ምርመራም 6.4 ሊል ይችላል፤ እሱ ግን በመቶኛ ስለሆነ ሌላ ነገር ነው። ለሐኪም ሲናገሩ ቁጥሩ በሚሊሞል፣ በሚሊግራም ወይም በመቶኛ መሆኑንም አብረው ይናገሩ።

በባዶ ሆድ ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ቅድመ ስኳር ይባላል፤ እርስዎ እዚህ ነዎት። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ ስኳር ነው። ይህ የሚወሰነው ግን ከጣት ጠብታ ሳይሆን ላቦራቶሪ ከደም ሥር በሚወሰድ ደም ነው።

ባዶ ሆድ ማለት ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። «ጾመኛ ነኝ» ብሎ ሻይ በስኳር ጠጥቶ የሚመጣ አይጠፋም፤ ላቦራቶሪ ይህን ጾም አያውቀውም።

ቤት ሲለኩ እጅዎን በሳሙና ታጥበው በደንብ ያድርቁ። ብርቱካን የላጠ ጣት ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል፤ በአልኮል መጥረግ ብቻውን ያንን ስኳር አያነሳውም። የጣቱን ጫፍ ከጎን ይውጉ፤ አጥብቀው አይጭመቁ፣ ከደሙ ጋር ሌላ ፈሳሽ ይቀላቀላል። የስትሪፑን (ደሙ የሚነካበትን የመለኪያ ቁራጭ) ዕቃ ወዲያው ይክደኑ፤ እርጥበት ያበላሸዋል።

እንጀራ አያቁሙ፣ መጠኑን ይወቁ። ችግሩ ትሪ ላይ ነው፦ ከሌላው ጋር ሲቆርሱ ምን ያህል እንደበሉ አይታወቅም። ድርሻዎን ለብቻ ያውጡ፤ ግማሹ ጎመን ወይም ሰላጣ፣ ሩቡ ምስር ወይም ሽሮ፣ ሩቡ እንጀራ ይሁን። ጎመኑን ያስቀድሙ። ድንች ወጥ በእንጀራ፣ ፓስታ በዳቦ ግን ስታርች (ሰውነት ወደ ስኳር የሚለውጠው ምግብ) በስታርች ነው፤ በጾም ወራት ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ይተዉ፤ 300 ሚሊ ሊትሩ ኮላ 8 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር አለበት። ማርም ስኳር ነው፣ «የተፈጥሮ ነው» የሚለው አያድነውም።

ክብደትዎ ከልክ በላይ ከሆነ ከ5 እስከ 7 በመቶውን ይቀንሱ፤ 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ4 እስከ 5.6 ኪሎ ማለት ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ ያደረጉ ቅድመ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ወደ ስኳር የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

አሁን ከደም ሥር ይመርመሩ። ኤችቢኤዋንሲ ከታዘዘልዎ ደም ማነስ ካለብዎ አስቀድመው ይንገሩ፤ ውጤቱን ያዛባል።