ትልቅ ቲቪ ልትገዙ ነው? ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁኝ

ቲቪ መጠገን ከጀመርኩ ቆየሁ። ዘመድ ጓደኛ ሁሉ ሊገዛ ሲል ይደውላል፤ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «የቱ ብራንድ ይሻላል?» እኔ ደግሞ «ሶፋህ ከግድግዳው ስንት ሜትር ይርቃል?» ስላቸው ይናደዳሉ። ዛሬ እዚሁ በአንዴ ልገላገል። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ 55 ነው 65? እኔ 65 ፈልጌ ነበር፣ ባለቤቴ ቤቱን ይሞላዋል እያለች ነው።

መልስ፦ ሜትር አምጣ። ኢንቹ የሚለካው ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ በሰያፍ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይነግርህም። 65ቱ ወርዱ 144 ሴንቲሜትር፣ ቁመቱ 81 ገደማ ነው። 55ቱ 122 በ68። አሁን የምትቀመጥበትን ርቀት ለካ። ሰያፉን (ለ65 ኢንች 165 ሴንቲሜትር ነው) በ1.2 ስታባዛው እንደ ሲኒማ ቤት የሚውጥህ ርቀት ይመጣል፣ በ1.6 ስታባዛው ዘና ብለህ የምታይበት። ስለዚህ ከ2 ሜትር እስከ 2.60 ርቀህ የምትቀመጥ ከሆነ 65 ልክህ ነው። 3 ሜትር ከሆነማ 75ም አይበዛብህም።

ለባለቤትህ ግን ቁጥር አትንገራት። ጋዜጣ በፕላስተር አያይዝና በቲቪው ልክ ግድግዳው ላይ ለጥፈህ ሁለት ቀን ተወው። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ በሦስተኛው ቀን «ትንሽ አነሰ» ያለችው ሚስቱ ናት። ደግሞ የጠረጴዛህንም ወርድ ለካ። የብዙዎቹ እግር ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ነው የሚተከለው፤ ጠረጴዛው ካጠረ አንዱ እግር አየር ላይ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ኦሌድ፣ ኪውሌድ፣ ሚኒ ሌድ... ስሙ ራሱ አዞረኝ። ልዩነቱ ምንድነው?

መልስ፦ አልፈርድብሽም፣ ግማሹ ስም የገበያ ስም ነው። ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል (ምስሉ የሚሠራበት ጥቃቅን ነጥብ) ራሱ ያበራል፤ ጥቁር ሲሆን ጭራሽ ይጠፋል። ኪውሌድ ስሙ ቢመሳሰልም ሌላ ነገር ነው። ያው የምናውቀው ኤልሲዲ ሆኖ ከኋላው መብራት አለ፣ ቀለሙን የሚያደምቅ ስስ ሽፋን ተጨምሮበታል። ሚኒ ሌድ ደግሞ የኋላው መብራት ተፈጭቶ በጣም ብዙ ጥቃቅን አምፖል ሆኗል ማለት ነው፤ በየክፍሉ ለብቻ ስለሚደበዝዝ ጥቁሩ የተሻለ ይጠቁራል።

ልዩነቱን በዓይንሽ ለማየት ከፈለግሽ የጨለማ ትዕይንት ክፈቺና ነጩን የትርጉም ጽሑፍ እዪው። ተራ ኤልሲዲ ላይ በፊደሎቹ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ብርሃን ይፈሳል። ኦሌድ ላይ ፊደሉ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ማታ መብራት አጥፍተሽ ፊልም የምታዪ ከሆነ ኦሌድ። ሳሎኑ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚገባበት ከሆነና መጋረጃ መዝጋት ካልወደድሽ ሚኒ ሌድ። እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምወስነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ኦሌድ ሊገዛልኝ ነው። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የዜና ጣቢያ ነው የምከፍተው። ይስማማኛል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለእርስዎ ባይሆን ይሻላል። ኦሌድ ላይ አንድ ቦታ የማይንቀሳቀስ ነገር ለረጅም ጊዜ ከታየ ጥላው ሊቀር ይችላል። አንድ ጊዜ መጠገኛ ቤት የመጣልኝን ኦሌድ ስክሪኑን ሙሉ ቀይ አድርጌ ሳየው ጥግ ላይ የጣቢያው አርማ፣ ከታች ደግሞ የዜናው መስመር የሚያልፍበት ሰሌዳ ልክ እንደ ማኅተም ተቀምጦ ነበር። ይህ በጥገና አይለቅም፤ ፓነሉ፣ ማለትም ስክሪኑ ራሱ፣ መቀየር አለበት። ቀላቅሎ ለሚያይ ሰው ብዙም አያሰጋም። ለእርስዎ ግን ጥሩ ኤልሲዲ ይበቃል፣ ልጅዎም ገንዘቡ ይተርፈዋል። የግድ ኦሌድ ይሁን ካለ ደግሞ በሪሞት እንዳጠፉት ከሶኬት አይንቀሉት፤ ጠፍቶ እያለ ራሱን የሚያስተካክልበት ሥራ አለው።

ጥያቄ፦ 8ኬ እስኪረክስ ልጠብቅ?

መልስ፦ አትጠብቅ። 4ኬ ራሱ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል ነው። 8ኬ 33 ሚሊዮን ነው፣ ግን በ8ኬ ተሠርቶ የምታየው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ጥያቄ፦ አዲስ 65 ገዝቼ የዲሽ ቻናሎቼ ደበዘዙ። በድሮው 32 ጥርት ያሉ ነበሩ። ተሸወድኩ እንዴ?

መልስ፦ አልተሸወድክም። ስሌቱን ተመልከት፤ ብዙ የዲሽ ቻናል አሁንም 720 በ576 ነው፣ ወደ 415 ሺህ ፒክስል ማለት ነው። ቲቪህ ደግሞ 8.3 ሚሊዮን መሙላት አለበት። ከሃያ ፒክስል አሥራ ዘጠኙን ከራሱ እየገመተ ነው የሚስለው! ትንሹ ስክሪን ጉድለቱን ይሸፍንልህ ነበር፣ ትልቁ አወጣው። የሚገምተው ፕሮሰሰሩ ነው፣ ርካሽና ውድ ቲቪ በደንብ የሚለዩትም እዚህ ላይ ነው።

አሁን ሁለት ነገር አድርግ። ሪሲቨሩ በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ከሆነ የተሰካው በኤችዲኤምአይ ቀይረው። ከዚያ ሴቲንግ ገብተህ ሻርፕነሱን (የምስሉን ጠርዝ የሚያሾለውን) ዝቅ አድርገው፤ ከፍ ማለቱ ጥራት ይመስላል እንጂ ቆሻሻውን ነው የሚያጎላው። ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ሁልጊዜ የምታዩትን ዓይነት ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የሱቁ ማሳያ ቪዲዮ ሁሉንም ቲቪ ቆንጆ ያደርገዋል።

ጥያቄ፦ እሺ፣ ሱቅ ገብቼ ምን ልመልከት?

መልስ፦ መጀመሪያ ሪሞቱን ተቀበል። ሱቅ ውስጥ ያለ ቲቪ ደምቆ እንዲታይ ብርሃኑም ቀለሙም እስከ ጥግ ተለቆ ነው የሚቀመጠው። የምስሉን ምርጫ ወደ ሲኒማ ወይም ሙቪ ቀይረው፤ እውነተኛ መልኩ ያኔ ይወጣል። ቀጥሎ ወደ ጎን ሄደህ እየው፤ ቀለሙ ከነጣ፣ ዳር ላይ ለሚቀመጠው ሰው ቤትህም እንዲሁ ነው የሚሆነው። ቤተሰቡ ብዙ ከሆነ ይህን አትናቀው። በመጨረሻ ኳስ ክፈት። ካሜራው ሜዳውን እየጠረገ ሲሄድ ሣሩ ላይ የጨርቅ እድፍ የመሰለ ነገር አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ያ የፓነሉ ጉድለት ነው። እንዳየኸው ሌላ አውጡልኝ በል።

ካርቶኑ ላይ ኤችዲአር (ብሩሁንና ጨለማውን ክፍል አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት) የሚል ስላለ ብቻ ደግሞ አትደሰት። የኤችዲአር ምስል መቀበልና በትክክል ማሳየት ይለያያል። ብርሃኑ 300 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ የሆነ ቲቪ ኤችዲአር ይቀበላል፣ ለውጡ ግን እምብዛም አይታይህም።

ጥያቄ፦ ለፕሌይስቴሽን 5 ምን ልያዝ? ሻጩ 240 ሄርዝ ነው አለኝ።

መልስ፦ ሄርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር ነው፤ 240 ያለህ ምናልባት የማስታወቂያ ቁጥር ይሆናል። «የፓነሉ ስንት ሄርዝ ነው?» ብለህ ጠይቅ። 120 ከሆነ በቂ ነው። 4ኬን በ120 ለማሳለፍ ኤችዲኤምአይ 2.1 ያስፈልግሃል። አንዳንዱ ቲቪ ላይ ከአራቱ ቀዳዳ 2.1 የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፣ አንዱን ደግሞ ሳውንድባሩ (ከቲቪው ሥር የሚቀመጠው ረጅም ድምፅ ማጉያ) ይወስድብሃል። ቀዳዳዎቹን ቁጠር።

ጥያቄ፦ ፊልሙ ሁሉ በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ የሰርግ ፊልም መሰለብኝ። ምን ነክቶት ነው?

መልስ፦ ሃሃ፣ ስሙን ባታውቂውም በደንብ ገልጸሽዋል። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረጸው፤ ቲቪው መሀል መሀሉ ላይ የራሱን ምስል እየፈጠረ ስለሚጨምር ነው። ሴቲንግ ውስጥ ሞሽን የሚል አለ፣ አጥፊው። ለኳስ ትንሽ ብትተዪው አይከፋም።

ጥያቄ፦ ግድግዳ ላይ ስሰቅለው ምን ያህል ከፍ ይበል?

መልስ፦ ሁሉም ከፍ አድርጎ ይሰቅለውና አንገቴን አመመኝ ይላል። ሶፋ ላይ ሲቀመጡ ዓይን ከወለል አንድ ሜትር ገደማ ነው። የስክሪኑ መሀል እዚያ አካባቢ ይሁን። ለ65 የታችኛው ጠርዝ ከወለል 60 እና 70 ሴንቲሜትር መሀል ይመጣል። ዝቅ ያለ ይመስልሃል። ቁጭ ብለህ እየው።

ጥያቄ፦ ድምፁስ?

መልስ፦ ቲቪው በሳሳ ቁጥር ድምፁም ይሳሳል። ለቲቪው ከመደብከው ገንዘብ ላይ ትንሽ ቀንሰህ ሳውንድባር ግዛ።

ጥያቄ፦ በመኪናችን ልናመጣው ነው፣ ቆሞ አይገባም። ብናስተኛውስ?

መልስ፦ አታስተኙት። ይህን የምለው አድርጌው ስለማውቅ ነው። ለራሴ የገዛሁትን 65 ከኋላ አስተኝቼ፣ ካርቶኑ ላይ ደግሞ «ቀላል ነው» ብዬ ቦርሳዬን ጣል አድርጌ ቤት ገባሁ። ውጪው ላይ ጭረት እንኳ የለውም። ስከፍተው ከላይ እስከ ታች አንድ አረንጓዴ መስመር። የሌላ ሰው ቢሆን «ማነው ያስተኛው?» ብዬ እቆጣ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ማንም ሳይጠይቀኝ ዝም ብዬ ካርቶኑን መለስኩት።