አሜሪካ ሆነሽ «ለገና ለልጆቼ ምን ላንብብላቸው፣ ምን ላዘምራቸው?» ላልሽው

ልጆችሽ አማርኛ እየሰሙ ማንበብ ካልቻሉ አዲስ መጽሐፍ ፍለጋ አትድከሚ። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 1 እስከ 20 ራስሽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ሰብአ ሰገል ያሉት ማቴዎስ 2 ላይ ስለሆነ ለማግስቱ አቆዪው፤ አንድ ላይ ከሆነ ከእረኞቹ ጋር ይደባለቁባቸዋል። ትንሹ ሥዕል ካላየ አይቀመጥም ካልሽ፣ እዚያው አሜሪካ ያለውን ባለ ሥዕል መጽሐፍ ስጪው። እሱ ገጹን ይግለጥ፣ አንቺ በአማርኛ አውሪለት።

መዝሙሩን በ«ቤዛ ኩሉ» ጀምሪ። መጀመሪያ የላሊበላውን ቪዲዮ አሳዪአቸው፦ በገና ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ግማሾቹ ከላይ ከገደሉ አፋፍ፣ ግማሾቹ ከታች ከግቢው ሆነው እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ። ከዚያ አንዱን ልጅ ደረጃው ላይ፣ ሌላውን ሳሎን አቁሚና «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» (የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ) የምትለዋን ብቻ ይቀባበሉ። ሙሉውን ላስጠና ብትዪ ይሰለቻሉ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። እናትሽ ኦርቶዶክስ፣ የባልሽ ቤተሰብ ፕሮቴስታንት ነው ብለሻል። የምትከፍቻቸውን መዝሙሮች ቀደም ብለሽ ለሁለቱም ወገን አሰሚ። እኛ ቤት ዶሮው ቀርቦ «ይሄ ደግሞ የማን መዝሙር ነው?» ተብሎ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ተከራክረንበታል።

ዲሴምበር 25ም ልትጋብዢያቸው ካሰብሽ፣ ቀኑ ታኅሣሥ 16 (አንዳንድ ዓመት 15) ነውና እናትሽ ያኔ ጾመ ነቢያት፣ ማለትም ከገና በፊት ያለው ጾም ላይ ናቸው። ሽሮና ምስር ለብቻ ሥሪላቸው።