ጥያቄና መልስ፦ መረጃው መቼ ይበቃል?

ጥ፦ የግዥ ሠራተኛ ናቸው። ለመሥሪያ ቤታቸው ጀነሬተር ሊገዙ ሰባት ፕሮፎርማ (የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ) ሰብስበዋል። አለቃቸው ግን «ገበያው ገና አልተጠናም» ብለው ስምንተኛ እንዲያመጡ አዘዋል። ስንት ሲሆን ነው የሚበቃው? ይላሉ።

መ፦ ብዛቱን ይተዉትና መጀመሪያ ቀኑን ይዩ። ፕሮፎርማ ላይ ዋጋው የሚጸናበት ጊዜ ይጻፋል፤ ለምሳሌ 15 ወይም 30 ቀን። ስምንተኛው እስኪገኝ የመጀመሪያዎቹ ጊዜ ያልፍባቸዋል። ለማሳደስ ሲሄዱ ዋጋው ጨምሮ ይጠብቅዎታል፣ ዋጋ ማሰባሰቡም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ቀጥሎ ሰባቱን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይዘርጓቸው። በሁለቱ ላይ አንዱ ቃል በአንድ ዓይነት ግድፈት ከተጻፈ፣ ዋጋቸውም የሚለያየው በጥቂት ብር ከሆነ፣ አንድ ነጋዴ በሁለት ማኅተም እንደመጣብዎ ይጠርጥሩ፤ ሁለቱን እንደ አንድ ይቁጠሩ። አንዱ የ15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ አስገብቶ ሌላው ሳያስገባ አቅርቦ እንደሆነም ያጣሩ። የብዙ «ርካሽ» ዋጋ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

ከደብዳቤዎ የጎደለው ግን ሌላ ነው። ሰባት ዋጋ ይዘዋል፤ ጀነሬተሩ ምን ምን እንደሚያስነሳ አንድ ቃል የለም። በቀጥታ የሚነሳ የውኃ ፓምፕ ሞተር በሚነሳባት ቅጽበት በመደበኛ ሥራው ከሚስበው ኮረንት ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይስባል። ለመደበኛው ሥራ የሚበቃ ጀነሬተር እዚያች ቅጽበት ላይ ይንገዳገዳል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ኤሌክትሪሺያን አንድ ገጽ ያስጽፉ፦ የትኞቹ መሣሪያዎች፣ ስንት ኪሎዋት፣ የትኞቹ አብረው ይነሳሉ። 40 ኬቪኤ (የጀነሬተር አቅም መለኪያ ነው) ሲያስተምኑ ከርመው ገጹ 60 ቢል ሰባቱም ወረቀት ለሱቅ መጠቅለያ ነው የሚሆነው።

አለቃዎን ደግሞ በጽሑፍ ይጠይቋቸው፦ «ስምንተኛው ዋጋ ስንት ቢሆን ውሳኔዎ ይቀየራል?» ቁጥር ከሰጡ፣ ከዝቅተኛው 10 በመቶ የሚቀንስ ካሉ ለምሳሌ፣ በሁለት ስልክ ይጣራል። ቁጥር ከሌላቸው እየዘገየ ያለው ፊርማው ነው፤ ሃያ ፕሮፎርማም አያስፈርማቸውም።

ጥ፦ ቢሯችን ምሳ የት እንብላ እያለ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይከራከራል።

መ፦ ቅርቡ ቤት ግቡ። ረቡዕና ዓርብማ የትም ብትሄዱ በያይነቱ ነው።

ጥ፦ መኪናቸው ጠዋት ጠዋት አልነሳ ይላል። መካኒኩ ባትሪ ቀየረ፣ ቀጥሎ ዲናሞ ቀየረ፤ አሁን «ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) እንሞክር» ይላል።

መ፦ ይህ መረጃ ሳይሰበስቡ መወሰን ነው፣ በእርስዎ ገንዘብ። ሦስት ልኬት ይበቃ ነበር። ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘሉት ነው፦ ሁሉም ጠፍቶ፣ የኔጌቲቩ ገመድ ተነቅሎ፣ ቴስተሩ አምፔር ላይ ተደርጎ በገመዱና በባትሪው መካከል ይገባል። በዘመናዊ መኪና ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ እስከ 60 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቸኩሎ ያነበበ ሰው የሌለ ችግር ያገኛል። ንባቡ ከ50 ሚሊአምፔር በላይ ሆኖ ከቀረ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ የትኛው ላይ እንደሚወርድ ያያሉ። ቴስተሩ እንደተገጠመ ቁልፍ አያዙሩ፣ ይቃጠላል። የቀረውን ለመኪና ኤሌክትሪሺያን ይተዉለት።

ጥ፦ ለማስተርስ ጽሑፏ 14 ሰው አነጋግራለች። ጓደኞቿ 30 ካልሞላ አይሆንም አሏት።

መ፦ እህቴ፣ 30 ከየት መጣ? በጋናና በናይጄሪያ 60 ሴቶችን ያነጋገረ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አብዛኛው ሐሳብ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ ምልልሶች ተጠቃሎ እንዳገኘ ጽፏል። ተጠያቂዎቹ ግን የሚመሳሰሉ ነበሩ፣ ጥያቄውም ጠባብ። አንቺ ቃለ ምልልሱን በዚያው ቀን ጻፊና በሰንጠረዥ ላይ አዲስ የመጣውን ሐሳብ ብቻ መዝግቢ። ሦስት ተከታታይ ሰው ባዶ ዓምድ ካስገኘ እዚያ ላይ አቁሚ። አንድ ነገር ብቻ፦ 14ቱም በአንድ ሰው ጥቆማ የተገኙ ከሆነ ከሌላ አቅጣጫ ሁለት ሰው ጨምሪ። ሰንጠረዡን ለአማካሪሽ አሳዪ።

ጥ፦ ፎርማን ናቸው። የሰባት ቀኑ የኪዩብ (ለጥንካሬ ፍተሻ የተወሰደ የኮንክሪት ናሙና) ውጤት ጥሩ መጣ፤ የሶሌታውን (የኮንክሪት ወለሉን) ድጋፍ እናንሳ ወይ?

መ፦ አያንሱ። የሰባት ቀን ኪዩብ በተለመደው ሲሚንቶ የ28 ቀኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው የሚያሳየው። ደግሞም ኪዩቡ ላቦራቶሪ ውስጥ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከርሟል፤ ሶሌታው ፀሐይና ነፋስ ላይ ነበር፣ ውኃም ምን ያህል እንደጠጣ እርስዎ ያውቃሉ። የሁለት ምሰሶ ርቀቱን፣ ከላይ የሚጫነውን ብሎኬት፣ የሚቀጥለውን ፎቅ ድጋፍ አልነገሩኝም፤ ቢነግሩኝም አልፈቅድም። የስትራክቸር መሐንዲሱ መጥተው አይተው በጽሑፍ ይፍቀዱ። በስልክ «ይቻላል» ካሉም ሳይት መዝገቡ ላይ እስኪፈርሙ አንድም ድጋፍ አይነቀል።