ከሐዋሳ ባሕር ዳር በአውሮፕላን

እህቴ፣ ከሐዋሳ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ስንት ሰዓትስ ይፈጃል ብለሽ ነበር። በአየር ቀጥታ ከተለካ 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና በአዲስ አበባ በኩል ስትሄጂ ግን ከ800 ያልፋል፤ አውሮፕላን ማሰብሽ ደግ አደረግሽ።

በአገር ውስጥ መስመር የሚበረው ባለ ማራገቢያው ኪው400 በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ቀጥታ ቢበር ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም ነበር። ግን ቦሌ ላይ አውሮፕላን መቀየር አለ። ከሐዋሳ ቦሌ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ፣ ከቦሌ ባሕር ዳር ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ያዢ። ቀኑን የሚበላው በረራው ሳይሆን ቦሌ መጠበቁ ነው።

ሁለቱንም በአንድ ቲኬት ቁረጪ። ለየብቻ ከቆረጥሽ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥሽ ኪሳራው ያንቺ ነው። ሻንጣሽንም ሐዋሳ ላይ እስከ ባሕር ዳር አስመዝግቢው።

ሌላው፣ የሐዋሳው ኤርፖርት ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በጊዜ ተነሺ። ቲኬቱ ላይ 14:30 ካለ ደግሞ በኛ ከቀኑ 8:30 ማለት ነው። በዚህ የተሸወደው ሰው ብዛቱ!