ማንበቢያው፣ የአማርኛ ፊደልና ዓይናችን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ናቸው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ጅማ ድረስ ኪንድል ወይም ኮቦ ይዞ መምጣት ጀምሯል፤ ሰጪው ግን አጠቃቀሙን ሳያሳይ ይመለሳል። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። የሚመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

የአፋን ኦሮሞ ጽሑፍ ስከፍት ጥርት ብሎ ይታያል፤ አማርኛ ስከፍት ግን መስመሩ ሁሉ ባዶ ሳጥን ነው። ተበላሽቶብኝ ይሆን? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

አልተበላሸም። ቁቤ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ላቲን የማያውቅ ማንበቢያ ደግሞ የለም። የእኛ ፊደል ግን የራሱን ፎንት፣ ማለትም የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘ ፋይል፣ ይፈልጋል። ሳጥኑ የሚነግርህ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ እንዳለና ማሽኑ ግን ቅርጹን እንደማያውቀው ነው።

አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት አውርድ። ሁለቱም ነጻ ናቸው። ኪንድልህን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኘው፣ «ፎንትስ» የሚለውን ፎልደር ክፈትና ፋይሉን እዚያ አስቀምጥ። ኬብሉን ነቅለህ መጽሐፉን ስትከፍት የስክሪኑን የላይኛውን ክፍል ንካ፤ ትልቁና ትንሹ የላቲን «ኤ» ጎን ለጎን የቆሙበት ምልክት ይመጣል። እሱን ተጭነህ ፎንቱን ምረጥ። ኮቦ ከሆነ ፎልደሩን ራስህ ትፈጥረዋለህ፣ የቀረው ያው ነው።

ከሳጥን ይልቅ የላቲን ፊደልና የሥርዓተ ነጥብ ድብልቅልቅ ካየህ ግን ሌላ ችግር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ ይጻፍ የነበረው የላቲኑን ቦታ በሚዋሱ የድሮ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለውን ፋይል አዲስ ፎንት አያድነውም፤ ጽሑፉ ራሱ ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት።

በረንዳ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ይነበባል? (ከቆጪ)

አዎ፣ እንዲያውም ፀሐይ ሲበረታ ይበልጥ ይጠራል።

እኛ ጋ መብራት ሲሄድ ቶሎ አይመለስም። ስልክ ቻርጅ ማድረጉ ራሱ አሳር ነው፣ ሌላ ዕቃ መጨመሩ ምን ይጠቅማል? (የቡና ነጋዴ፣ ከአጋሮ)

ለእርስዎ እንደውም ይሄ ዕቃ ነው የሚስማማዎት። ስክሪኑ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ፣ በውስጣቸውም ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች። ገጽ ሲገልጡ ኤሌክትሪክ አንዱን ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ ገጹ ባለበት ይቆያል፤ እሱን ይዞ ለማቆየት ኃይል አያስፈልግም። ስለዚህ ዋይፋዩን ከዘጉና የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ ካደረጉት አንዴ ቻርጅ ተደርጎ ሳምንታት ይቆያል። ባትሪው ሙጥጥ ብሎ አልቆ ግን መሳቢያ ውስጥ ለወራት አይተዉት፤ ባትሪውን የሚጎዳው እሱ ነው።

ያለፈው ገጽ ጥላ አሁን ባለው ገጽ ላይ ይቀራል።

የስክሪኑ ባሕርይ ነው፣ ጉዳት የለውም። ቅንብር ውስጥ በየገጹ ስክሪኑን የሚያድስ ምርጫ አለ፣ እሱን አብራው።

የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ፊደል አተልቄ አነባለሁ። የአማርኛው ግን አይተልቅም። ለምን? (ጡረታ የወጡ መምህር)

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። ልጅዎ ማንበቢያውን ከላከልዎት ወዲህ ለዓመታት የተዉትን የእንግሊዝኛ ንባብ እንደገና እንደጀመሩ ጽፈውልኛል። በቴሌግራም የተላከልዎትን የአማርኛ ልብ ወለድ ሲከፍቱ ግን ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቀቀብዎት። በሁለት ጣት ሲስቡት ይተልቃል፣ ግን የመስመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ይወጣል። ወደ ግራ ገፍተው፣ ወደ ቀኝ ገፍተው፣ አረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ይጠፋብዎታል። ዕድሜ ልክ ባስተማሩበት ቋንቋ ማንበብ አቃተኝ ማለትዎ አሳዝኖኛል።

ጥፋቱ የእርስዎም የማሽኑም አይደለም። የተላከልዎት የመጽሐፉ ገጾች ፎቶ ነው። እንግሊዝኛው ኢፐብ በሚባል ዓይነት ፋይል ተዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱ ፊደል ፊደል ሆኖ ነው የተቀመጠው። ስለዚህ ሲያተልቁት ቃላቱ ወደሚቀጥለው መስመር እየወረዱ ከስክሪኑ ስፋት ጋር ይስተካከላሉ። ስካን የተደረገው ፒዲኤፍ ውስጥ ግን አንድም ፊደል የለም፣ ያለው ስዕል ነው።

ለጊዜው እንዲህ ያድርጉ። ማንበቢያውን ወደ ጎን አዙረው ገጹ አግድም እንዲታይ ያድርጉት፤ ግማሽ ገጽ ግማሽ ገጽ እያሉ ማንበብ ይቻላል። ኮምፒውተር የሚችል ወጣት አጠገብዎ ካለ የገጹን ነጭ ጠርዝ ይቁረጥልዎት፣ ፊደሉ ትንሽ ሰፋ ይላል። ከዚህ አልፎ ቴሰራክት የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አማርኛንም ከፎቶ ወደ ጽሑፍ ይለውጣል። ግን «ለ» እና «ሰ»ን የመሳሰሉ የሚቀራረቡ ፊደሎችን ሊያምታታ ስለሚችል ሰው ቁጭ ብሎ ማረም አለበት።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለደራሲዎችና ለአሳታሚዎች ነው። ዛሬ ደራሲ የሚጽፈው በኮምፒውተር ነው። ረቂቁ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ነው፣ ዩኒኮድ ነው። ካሊበር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከዚያ ረቂቅ ኢፐብ ማውጣት ደግሞ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሥራ አይደለም። ታዲያ ለምን አይወጣም ስትሉ የሚሰጣችሁ መልስ አንድ ነው፦ ይሰረቃል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ደራሲ በገዛ ድካሙ ሌላው ሲነግድበት ማየት ያማል። ግን የታተመው መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ገጽ በገጽ እየተነሳ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ እያየን ነው። ፋይሉን መደበቅ ሌባውን አላገደውም። ባዶ እጁን የቀረው ከፍሎ ሊገዛ የፈለገው ሰው ነው። እኚህ መምህር ገንዘባቸውን ይዘው የሚገዙት ነገር የላቸውም። አዲስ አበባ የወጣ መጽሐፍ 350 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ ጅማ እስኪደርስ የሚጠብቀውም እንደዚያው። ዓይነ ስውራን አንባቢዎች ደግሞ ከሁላችን በላይ ተጎድተዋል፤ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ፊደል ካልተሰጠው ምን ያነባል? አንድ ደራሲ አንድ መጽሐፉን በዚህ መልክ ቢያወጣ፣ ዓይናቸው ደክሞ ንባብ ያቆሙ እናቶችና አባቶች ወደ አማርኛ መጽሐፍ ይመለሳሉ። ደራሲዎች፣ እባካችሁ አስቡበት።

ከቴሌግራም በነጻ አውርጄ ለጓደኞቼም ቻናል ከፍቼ እያካፈልኩ ነው። ንባብ ማስፋፋት ነው፣ ምን ጥፋት አለው?

ጥፋት አለው። የራስህ ያልሆነን ነው የምታድለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑ፣ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የሥራውን የኢኮኖሚ መብት ይጠብቅለታል። መጽሐፉን የማባዛትና የማሰራጨት ፈቃድ የእሱ ነው። ቻናልህ ብዙ ተከታይ ሲኖረው ጥፋቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ነጻ መጽሐፍ ከፈለግክ የመብት ጊዜያቸው ያለፈ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ፕሮጀክት ጉተንበርግ ላይ ሞልተዋል፤ ያንን አካፍል። የሕጉን ዝርዝር ባለሙያ ጠይቅ።

ባጃጅ ውስጥ ቦርሳዬ ላይ ሰው ተቀመጠበት። አሁን የገጹ ግማሽ ላይ የማይንቀሳቀሱ መስመሮች አሉ። ዝናብስ ቢነካው?

ከላይ ያለው ደህና ቢመስልም ከስሩ ያለው መስታወት ተሰንጥቋል። ስክሪኑን ማስቀየር አዲስ ከመግዛት ብዙም ላይረክስ ይችላል። ጠጋኝ ጋ ወስደህ አሳየው፣ ትልቅ ተስፋ ግን አታድርግ። የሚቀጥለውን ስትገዛ ጠንካራ ሽፋን አብረህ ግዛ። ዝናብን በተመለከተ ሞዴሉን እይ። ኪንድል ፔፐርዋይት ከ2018ቱ (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ 2 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹሕ ውሃ ውስጥ እስከ 60 ደቂቃ እንዲቋቋም ተደርጎ ነው የተሠራው። ሌሎች ብዙ ሞዴሎች ይህ የላቸውም፤ በጅማ ክረምት ፌስታል ሳይጠቀልሉ ይዞ መውጣት አያዋጣም። የቻርጅ ቀዳዳው እርጥብ ከሆነ እስኪደርቅ አትሰካው።

ማታ ማታ ስልኬና ማንበቢያዬ ላይ አነባለሁ። ዓይኔን ያመኛል፣ ራሴን ይወቅረኛል፣ አንዳንዴም አምፖል ዙሪያ ባለ ቀለም ክብ ይታየኛል። የስክሪኑን ብርሃን ብቀንስ ይሻለኛል? (የሦስት ልጆች እናት)

እህቴ፣ ብርሃን በመቀነስ የሚያልፍ ነገር አይምሰልሽ። ደረቅ ዓይን ቢሆን ኖሮ በየተወሰነ ደቂቃ ቀና ብለሽ ሩቅ እይ፣ ዓይንሽን ጨፈን ከፈት አድርጊ እልሽ ነበር። ከ40 ዓመት ግድም ጀምሮ የሚመጣው የቅርብ ማየት ችግርም ከሆነ መነጽር ይበቃዋል። ሕመም፣ ራስ ምታትና በመብራት ዙሪያ የሚታይ ክብ አንድ ላይ ሲመጡ ግን የዓይን ውስጥ ግፊት ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የዓይንን ነርቭ የሚጎዳው ግላኮማ የሚባለው በሽታ ከሆነ ደግሞ አንዴ የጠፋ እይታ አይመለስም።

በዚህ ሳምንት የዓይን ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዓይን ክፍል አለው። የዓይን ግፊት ይለካልኝ ብለሽ በስም ጠይቂ። በቤተሰባችሁ በግላኮማ የታመመ ሰው ካለም ንገሪያቸው። ሕመሙ በድንገት ከበረታ፣ ዓይንሽ ከቀላና እይታሽ ከደበዘዘ፣ ወይም ካስመለሰሽ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እስኪነጋ አትጠብቂ። ከፋርማሲ የዓይን ጠብታ በራስሽ ገዝተሽ አትጨምሪ። ሄደሽ ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ።

ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ውስጥ የንባብ ቡድን አለን። እነሱ «ገጽ 84» ሲሉ የእኔ ማንበቢያ ሌላ ቁጥር ያሳየኛል። ሁሌ ወደ ኋላ እቀራለሁ።

ፊደሉን ባተለቅሽ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የሚገባው ጽሑፍ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከታተመው ገጽ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። በምዕራፍ ተነጋገሩ። ካልሆነ ከሚያነቡት መስመር ሦስት አራት ቃል ጠይቂና የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ ጻፊው፤ ሌሎቹ ገጽ ሲያገላብጡ አንቺ ደርሰሻል።