መልስ፦ ጥቁርና ነጭ እኩል የኖሩባት ትንሽ ከተማ ነበረች ወይ?

ወንድሜ፣ «በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ጥቁርና ነጭ በእኩልነት የኖሩበት ከተማ ነበር ወይ?» ላልከው፣ ሙሉ በሙሉ እንኳ ባይሆን ኦበርሊን ትጠቀሳለች። ኦሃዮ ውስጥ ናት፤ በ1833 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ጫካ መንጥረው የቆረቆሯት ሃይማኖተኞች ናቸው።

ኮሌጇ በ1835 ጥቁር ተማሪዎችን ለመቀበል ወሰነ። ግን በቀላሉ እንዳይመስልህ! የቦርዱ ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ውሳኔውን ያሳለፈው የሰብሳቢው የጆን ኪፕ ድምፅ ነው። ገንዘብም ነበረበት፤ ኮሌጁ ባዶ ኪስ ነበር፣ ረጂዎቹ ደግሞ ጥቁሮች እንዲገቡ ፈለጉ። በ1862 ሜሪ ጄን ፓተርሰን ከዚያው በዲግሪ ተመረቀች፤ ከአሜሪካ ጥቁር ሴቶች የመጀመሪያዋ።

እኔ የምወደው ግን የ1858ቱን ታሪክ ነው። ጆን ፕራይስ የሚባል ከባርነት ያመለጠ ወጣት ነበር። ያመለጡ ባሪያዎችን እያሳደዱ የሚይዙ ሰዎች አታለው ያዙትና 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወዳለችው ዌሊንግተን ወሰዱት። ወሬው ሲሰማ ኦበርሊን ግልብጥ ብላ ወጣች፤ ጥቁሩም ነጩም፣ በፈረስም በጋሪም። ልጁ የተያዘበትን ሆቴል ከበው ከላይኛው ክፍል አወጡት። ደብቀው ካናዳ አሻገሩት። ልጁን በማስመለጣቸው 37 ሰዎች ተከሰሱ፣ ሁለቱ ተፈረደባቸው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር።

በ1880ዎቹ ግን አንዳንድ ነጭ ተማሪዎች ከጥቁሮች ጋር አንድ ገበታ አንቀርብም ብለው አስቸገሩ። እዚያችው ኦበርሊን!